ፍሎረንስ ፕራይስ፤ የኦርጋን ተጫዋችና የሲምፎኒ ደራሲ

ስለ ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች የተጻፉትን መጻሕፍት የገለጠ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ስማቸው የተዘረዘረው ሰዎች ከጥቂቶቹ በቀር ወንዶች፣ ከጥቂቶቹም በቀር የኤውሮፓ ተወላጆች መሆናቸው ነው። ይህ የሆነው ሌላው የሰው ዘር ዜማ ስለማያውቅ ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ይሁን እንጂ ምክንያቱን በጠቅላላው ከመናገር ባንድ ሰው ሕይወት ላይ መመልከት ይሻላልና፣ ለአንባቢዎቻችን የአሜሪካዊቷን የፍሎረንስ ፕራይስን ታሪክ ለማቅረብ አስበናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

ፍሎረንስ ቢያትሪስ ስሚዝ ኤፕሪል 9 ቀን 1887 ዓ.ም. በአርካንሶ ግዛት ዋና ከተማ በሊትል ሮክ ተወለደች። በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከቀረ ገና 22 ዓመቱ ነበር። አባቷ ዶክተር ጄምስ ስሚዝ የጥርስ ሐኪም፣ እናቷ ፍሎረንስ ጋሊቨር ደግሞ የሙዚቃ መምህርት ስለ ነበሩ ቤታቸው ደኅና ኑሮ የሚኖርበት፣ መጽሐፍና ፒያኖ የማይታጣበት ቤት ነበር። ሕፃኗ ፒያኖን ከእናቷ ተማረችና በአራት ዓመቷ በሰው ፊት ተጫወተች። የቀለም ትምህርቷን ካስተማሯት አንዷ ሻርሎት እስቲቨንስ የምትባል፣ ራሷ በባርነት የተወለደችና በከተማይቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረች ጥቁር መምህርት ናት። ይህችው መምህርት በኋላ ዝናው የገነነውን የሙዚቃ ደራሲ ዊልያም ግራንት ስቲልንም አስተምራለች። ከአንዲት የልጆች መምህርት እጅ ሁለት የሲምፎኒ ደራሲዎች መውጣታቸው እኛን እጅግ አስደንቆናል፤ የመምህራንን ሥራ በደመወዛቸው መጠን ለሚመዝን ሰውም የሚያሳስብ ነገር ይመስለናል።

ነገር ግን ልጅቷ ስታድግ ሀገሯ እየጠበበች ሄደች። በ1891 ዓ.ም. የአርካንሶ ምክር ቤት ጥቁርና ነጭ ባንድ የባቡር ፉርጎ እንዳይሳፈሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ በር ሲዘጋ፣ ሌላ መብት ሲነጠቅ፣ ከባርነት በኋላ ሀብትና ዕውቀት ያፈሩት ቤተሰቦች ከሌላው ጥቁር ይልቅ የሚጠብቃቸው አንዳች ነገር አለመኖሩን ተረዱት።

በ1903 ዓ.ም. ፍሎረንስ በ16 ዓመቷ ወደ ቦስተን ተላከችና በኒው ኢንግላንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። ይህ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪ ከሚቀበሉት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ እናቷ ስለ ልጅቷ መንገላታት ፈርታ የትውልድ ስፍራዋን ሊትል ሮክ ሳይሆን በሜክሲኮ ያለች ከተማ ናት ብላ አስመዘገበቻት። መልኳ ቀላ ያለ ስለ ነበረ ሜክሲኮአዊት ብትባል የሚጠራጠር አልነበረም። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስብበት የምንፈልገው ነገር አለ። እናቲቱ ባሏ በ1910 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ወደ ትውልድ ግዛቷ ወደ ኢንዲያና ተመልሳ እንደ ነጭ ሴት ሆና መኖርን መረጠች። ልጅቱ ግን ይህ መንገድ ተከፍቶላት ሳለ ዲፕሎማዋን እንደ ተቀበለች የሄደችው ጥቁሮች ወደሚማሩባቸው የደቡብ ትምህርት ቤቶች ነው። በእናቲቱ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም፤ ዘመኑ ክፉ ነበር። የልጅቱ ምርጫ ግን ዕድሜ ልክ ያስከፈላት ምርጫ መሆኑን ከዚህ በታች እናያለን።

ቦስተን ያጠናችው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ፒያኖ ማስተማር፣ ሁለተኛው ኦርጋን መጫወት። ትንሹን የቤት ኦርጋን ብቻ የሚያውቅ ሰው የዚህን ትምህርት ክብደት ላይረዳው ይችላልና ጥቂት እንናገር። ትልቁ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነፋስ የሚነፋባቸው በብዙ መቶ፣ አንዳንዴም በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ቱቦዎች አሉት። ከነዚህ አንዳንዶቹ ከቤት ጣራ የሚደርሱ፣ አንዳንዶቹም ከጣት የማይበልጡ ናቸው። የአንጥረኛ ወናፍ የመሰለ ነገር ነፋሱን ያጠራቅማል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ነፋሱ ወደ ቱቦው ይሄዳል። ቁልፎቹ ሁለት ሦስት ረድፍ ሆነው አንዱ ካንዱ በላይ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ከእግር በታች ደግሞ የወፍራሙን ድምፅ መርገጫዎች እናገኛለን። እንግዲህ ተጫዋቹ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ ባንድ ጊዜ ሦስት የተለያየ ዜማ ሊያስኬድ፣ የዋሽንት፣ የመለከትና የክራር ዓይነት ድምፅ እየለዋወጠ ሊያሰማ ይችላል። በእኛ አስተያየት ፍሎረንስ በኋላ ለሙሉ ኦርኬስትራ ለመጻፍ የቻለችው ይህን በእግርና በእጅ ስለ ተማረችው ነው። ከኦርጋኑ ጎን ለጎን የትምህርት ቤቱ አለቃ የነበረው ደራሲው ጆርጅ ቻድዊክ የድርሰትን ጥበብ አስተምሯታል። የሁለት ዲፕሎማ ትምህርቷን በሦስት ዓመት ፈጽማ በ1906 ዓ.ም. በማዕርግ ተመረቀች።

ከዚያ በኋላ በአርካንሶ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ ቀጥሎም እስከ 1912 ዓ.ም. ድረስ በአትላንታ በክላርክ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆና አስተማረች። በ1912 ዓ.ም. ቶማስ ፕራይስ የተባለ ነገረ ፈጅ አግብታ ወደ ሊትል ሮክ ተመለሰች። ባሏ በዚያ ዘመን ስለ ጥቁሮች መብት ይሟገት ከነበረው ከታወቀው ጠበቃ ከሲፒዮ ጆንስ ጋራ ይሠራ ነበር። አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ወንዱ ልጅ ግን በሕፃንነቱ ሞተባቸው፤ እናቱም ስለ እርሱ መታሰቢያ አንድ መዝሙር ደረሰች።

በዚህ ጊዜ ቤቷ ተቀምጣ ፒያኖ ታስተምራለች፣ ለልጆች መለማመጃ የሚሆን ትንንሽ ድርሰት ትጽፋለች። የአርካንሶ የሙዚቃ መምህራን ማኅበር አባል ለመሆን ብትጠይቅ በዘሯ ምክንያት ሳይቀበሏት ቀሩ። በግዛቲቱ ከነበሩት የሙዚቃ መምህራን መካከል የቦስተኑን ዲፕሎማ የያዙት ስንት እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም። እርሷ ግን ደጃፍ ላይ ቆማ አላለቀሰችም፤ የሊትል ሮክ ሙዚቀኞች ክበብ የሚባል የጥቁሮች ማኅበር አቋቋመችና የራሷንም የሌላውንም ድርሰት ማሰማት ዠመረች።

በ1927 ዓ.ም. ሜይ ወር የሆነው ነገር የዚህን ቤተሰብ ኑሮ አናጋው። ጆን ካርተር የተባለ ጥቁር ሰው አንዲትን ነጭ ሴትና ልጇን ደበደበ ተብሎ ተከሰሰና ለፍርድ ሳይቀርብ ሕዝብ ተሰብስቦ ሰቀለው፣ በጥይትም ደበደበው። ሬሳውን በመኪና እየጎተቱ በከተማው አዞሩት፤ በመጨረሻም የጥቁሮች ሱቅና ቢሮ በሚገኝበት በዘጠነኛው መንገድና በብሮድዌይ መገናኛ ላይ፣ በብዙ ሺህ ሰው ፊት አቃጠሉት። ፖሊስ ለብዙ ሰዓት አልደረሰም። በዚያው ዓመት ፕራይስና ቤተሰቡ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺካጎ ተሰደዱ። በዚያ ዘመን ከደቡብ ወደ ሰሜን የፈለሰው ጥቁር ሕዝብ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ነው፤ እነርሱም ከዚህ ሕዝብ ጋራ ሄዱ።

ቺካጎ በአንድ በኩል ዓይኗን ከፈተችላት። ዕድሜዋ አርባ ሲሆን እንደ ገና ተማሪ ሆና በከተማይቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ድርሰትና የኦርኬስትራ አጻጻፍ አጠናች። በሌላው በኩል ግን የገንዘብ ችግር መጣ። በ1929 ዓ.ም. የአሜሪካ ንግድ ወደቀ፣ ነገረ ፈጁም ሥራ አጣ፤ በቤት ውስጥ ኃይለኛ ሆነባትና በ1931 ዓ.ም. ተፋቱ። ሁለት ሴቶች ልጆች ይዛ ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ ያዳናት ኦርጋኑ ነው። ፊልም ገና ድምፅ ባልነበረው ጊዜ በየሲኒማ ቤቱ ኦርጋን ይተከል ነበርና፣ ፈረስ ሲጋልብ የሚጋልብ፣ ሴት ስታለቅስ የሚያለቅስ ሙዚቃ ከሥዕሉ ጋራ እኩል መጫወት ሥራዋ ሆነ። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ይህ እንጀራ ተቈረጠ። በብዕር ስም ለሬዲዮ ማስታወቂያ የሚሆን ዘፈንም ጽፋለች። አንዳንድ ሰዎች ይህን የታሪኳን ክፍል እንደ ውርደት ቈጥረው ያልፉታል፤ እኛ ግን ልጆቿን ያሳደገችበት ሥራ ስለ ሆነ አንሸሽገውም።

ታላቁ ድርሰቷ የተዠመረበትም ሁኔታ የሚገርም ነው። በ1931 ዓ.ም. ጃንዋሪ ወር እግሯ ተሰበረ። ማስተማርም፣ መጫወትም፣ ከቤት መውጣትም ስላልቻለች ሳያቋርጡ የሚጽፉበት ጊዜ አገኘች፤ ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለ ዕድል መቼ ደግሞ ይገጥመኝ ይሆን ብላ ቀልዳለች። ቀልዱን ያነበበ ሰው ይሥቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን አንዲት ደራሲ ለመጻፍ ጊዜ የምታገኘው እግሯ ሲሰበር ብቻ መሆኑን ያስባል። በዚህ ዓይነት የተጀመረው ሥራ የመጀመሪያው ሲምፎኒዋ ነው።

በዚያ ጊዜ ከተማሪዋና ከወዳጇ ከማርጋሬት ቦንድስ ቤት ተጠግታ ትኖር ነበር። የማርጋሬት እናት ቤት የጥቁር ሙዚቀኞችና ባለቅኔዎች መሰብሰቢያ ነበርና፣ የዋናሜከር የድርሰት ውድድር በታወጀ ጊዜ በዚህ ቤት የነበሩት ሁሉ የኦርኬስትራውን የእያንዳንዱን መሣሪያ ኖታ በመገልበጥ ይረዷት ነበር ይባላል። በ1932 ዓ.ም. ፍሎረንስ በሲምፎኒው አንደኛ ወጥታ 500 ዶላር ተሸለመች። የፒያኖ ድርሰቷም በሌላ ክፍል ተሸለመ፤ ማርጋሬትም በመዝሙር ክፍል አሸነፈች።

የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ፍሬደሪክ ስቶክ ይህን ሰምቶ ኖታውን አስመጣና ተቀበለው። ጁን 15 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦዲቶሪየም ቲያትር፣ በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤክስፖዚሲዮን ምክንያት፣ ሲምፎኒው ተሰማ። ጥቁር አሜሪካዊት ሴት የደረሰችው ሲምፎኒ በታላቅ ኦርኬስትራ ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው ነው። ለዝግጅቱ ከወጣው ገንዘብ የሸፈነችው ሞድ ሮበርትስ ጆርጅ የተባለች የጥቁር ሙዚቀኞች ብሔራዊ ማኅበር መሪና የጋዜጣ ሐያሲ መሆኗንም መዘንጋት አይገባም፤ የስቶክ ስም በየመጽሐፉ ሲነሣ የእርሷ ግን ብዙ ጊዜ ተረስቷል። በዚያው ሌሊት የ20 ዓመቷ ማርጋሬት ቦንድስ ከኦርኬስትራው ጋራ ፒያኖ ተጫወተች፣ ታዋቂው ቴኖር ሮላንድ ሄይስም ዘመረ። የሌሊቱ መክፈቻ ሆኖ የተመረጠው ግን የጆን ፓወል ድርሰት ነበር። ይህ ሰው በቨርጂኒያ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግ እንዲወጣ ከታገሉት ዋነኞች አንዱ ነው። ዝግጅቱን ያወጣው ሰው ምን እንዳሰበ እግዚአብሔር ይወቀው።

ስለ ሲምፎኒው ራሱ ጥቂት እንበል። የመጀመሪያው ክፍል በባሱን፣ ማለት በወፍራም ድምፅ የእንጨት መሣሪያ ይከፈታል። ዜማው አምስት ድምፅ ብቻ ባለው ስልት ስለ ተሠራ በትዝታና በባቲ ላደገ ጆሮ ጨርሶ እንግዳ አይሆንበትም። ቼኩ ደራሲ ድቮርዣክ በ1893 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ባሰማው ሲምፎኒ የጥቁሮችን መዝሙር መንፈስ ለአሜሪካ ሙዚቃ መሠረት ማድረግ እንደሚቻል አሳይቶ ነበርና የእርሱ ፈለግ በዚህ ሥራ ውስጥ መታየቱ አይካድም። ልዩነቱ ድቮርዣክ የሰማውን እርሷ የኖረችው መሆኑ ነው። በሁለተኛው ክፍል የናስ መለከቶች እንደ መዝሙር ሆነው ቀስ ብለው ሲዘምሩ ኦርጋን ተጫዋቿ እዚያ እንደ ተቀመጠች ያስታውቃል። ሦስተኛው ክፍል ጁባ የሚባለው ጭፈራ ነው። በባርነት ዘመን ጌቶች ባሮች በከበሮ እየተላላኩ እንዳያምፁ በመፍራት በብዙ ስፍራ ከበሮ ከልክለው ነበርና፣ ባሮቹ እግራቸውን እየረገጡ፣ ደረታቸውንና ጭናቸውን እየመቱ፣ ሰውነታቸውን ከበሮ አድርገው ይጨፍሩ ነበር። ፍሎረንስ ይህን ጭፈራ የኤውሮፓ ደራሲዎች የራሳቸውን የባላገር ጭፈራ ከሚያስገቡበት ስፍራ አስገባችው፤ በዚያም ላይ የአፍሪካ ከበሮ ጨመረችበት። የተከለከለው ከበሮ በቺካጎ ትልቁ አዳራሽ ተመታ ማለት ነው።

የማግሥቱ ጋዜጦች አመሰገኗት። ሰው ከዚህ በኋላ መንገዷ የቀና ይመስለዋል። በ1934 ዓ.ም. ባንድ ክፍል የተደረሰው የፒያኖ ኮንሰርቶዋ በራሷና በማርጋሬት ቦንድስ እጅ ተሰማ፤ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛው ሲምፎኒዋ በዲትሮይት ተጫወተ። በልምምዱ ጊዜ የተገኘችው የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት በጋዜጣ ዓምዷ ላይ አነሣችው። ነገር ግን የዲትሮይቱ ኦርኬስትራ መንግሥት ለሥራ አጥ ሙዚቀኞች ደመወዝ እየከፈለ ያቋቋመው ነበር። የታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች ደጅ እንደ ተዘጋ ቀረ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቦስተኑ ነገር ነው። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ሰርጌ ኩሴቪትስኪ ለአዲስ አሜሪካዊ ድርሰት ባለውለታ ነው እየተባለ የሚመሰገን ሰው ነበር፤ ምስጋናውም የሚገባው ነው። ፍሎረንስ በተማረችበት ከተማ ድርሰቷ እንዲሰማ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ደጋግማ ጻፈችለት። በ1943 ዓ.ም. በላከችው ደብዳቤ ሁለት እንቅፋት እንዳለባት፣ አንዱ ሴትነቷ፣ ሁለተኛው በደም ሥሯ ያለው የጥቁር ደም መሆኑን ገልጻ፣ በዚህ ምክንያት እንዲራራላት ሳይሆን ኖታውን ተመልክቶ በሥራው ብቻ እንዲፈርድላት ለመነችው። ኩሴቪትስኪ አንድም ድርሰቷን ሳያሰማ ቀረ። በቦስተን ሜክሲኮአዊት ተብላ የተመዘገበችው ልጅ ከአርባ ዓመት በኋላ ለዚያችው ከተማ ማንነቷን በፊርማዋ ስትገልጽ ያገኘችው ይህን ነው።

ሰው ሁሉ በጆሮው የሰማት ግን በሌላ መንገድ ነው። በ1939 ዓ.ም. ታላቋ ዘማሪት ማሪያን አንደርሰን በዋሽንግተን በታወቀ አዳራሽ እንዳትዘምር በዘሯ ምክንያት ተከለከለች፤ ስለዚህ ኤፕሪል 9 ቀን፣ በፈረንጆቹ የትንሣኤ በዓል፣ በአብርሃም ሊንከን ሐውልት ደረጃ ላይ ቆማ ወደ 75 ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ ዘመረች፤ በሬዲዮም በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው አዳመጣት። የፕሮግራሙ መዝጊያ የነበረው ነፍሴ በጌታ መልሕቋን ጥላለች የሚል ትርጕም ያለው የጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙር ነው፤ ለድምፅና ለፒያኖ ያዘጋጀችውም ፍሎረንስ ፕራይስ ናት። ያ ቀን 52ኛ የልደት ቀኗ ነበር።

ለኦርጋን መጻፏንም አላቋረጠችም። የቺካጎ ሴቶች ኦርጋን ተጫዋቾች ክበብ አባል ስለ ነበረች ድርሰቶቿን የምታሰማበት ስፍራ አላጣችም። በ1927 ዓ.ም. የጻፈችው የኦርጋን ሶናታና በ1942 ዓ.ም. የደረሰችው አራት ክፍል ያለው ስዊት ከባዶቹ ናቸው። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የኦሃዮ ማተሚያ ቤት ለመንደር ቤተ ክርስቲያን ተጫዋቾች በሚያወጣው የኖታ መጽሔት ላይ ስግደት የተባለች ሦስት ደቂቃ ያህል የምትፈጅ አጭር ድርሰት ታተመችላት። ማንም ጀማሪ ሊጫወታት የሚችል ናት። ዛሬ ከድርሰቶቿ ሁሉ ይልቅ በዓለም የምትታወቀው ይህች ትንሽ ቁራጭ ናት፤ በቫዮሊንም በኦርኬስትራም እየተዘጋጀች በየስፍራው ትሰማለች። ስለ እውነቱ ከሆነ እኛ ስዊቱን እናስበልጣለን።

ፍሎረንስ ፕራይስ ወደ ኤውሮፓ ለመጓዝ ስትሰናዳ ታመመችና ጁን 3 ቀን 1953 ዓ.ም. በ66 ዓመቷ በቺካጎ ዐረፈች። በ1964 ዓ.ም. በቺካጎ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት በስሟ ተሰይሞ ነበር፤ እርሱም ከብዙ ዓመት በኋላ ተዘግቷል። ልጇ የእናቷን ወረቀቶች ከፊሉን ለአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ሰጠች፤ ጥቂት ሊቃውንትም ስለ እርሷ መጻፍ ዠመሩ። ከሦስት መቶ የሚበልጡት ድርሰቶቿ ግን አብዛኞቹ ሳይታተሙ ስለ ቀሩ የት እንዳሉ እንኳ የማይታወቁ ነበሩባቸው።

በ2009 ዓ.ም. ከቺካጎ በስተደቡብ ሴንት አን በምትባል መንደር አንድ የፈረሰ ቤት የገዙ ሰዎች ሊጠግኑት ገቡ። ዛፍ ወድቆ ጣራውን ቀዶታል፣ ሌቦችም ዕቃውን በትነውታል። ከዝናብ በተረፈው ክፍል ግን ክምር ወረቀት አገኙ፤ በየወረቀቱም ላይ የፍሎረንስ ፕራይስ ስም ተጽፎበታል። ቤቱ የበጋ ማረፊያዋ ነበር። ከወረቀቶቹ መካከል ሁለት የቫዮሊን ኮንሰርቶዎችና በ1945 ዓ.ም. የደረሰችው አራተኛው ሲምፎኒ ተገኙ። ጣራው ጥቂት ስንዝር ወዲህ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ነገር ባልኖረም ነበር። ወረቀቱም በአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ በአባልነት ሊቀበላት ያልፈቀደ ማኅበር በነበረበት ግዛት ማለት ነው።

አራተኛው ሲምፎኒ ከተደረሰ ከ73 ዓመት በኋላ በ2018 ዓ.ም. በአርካንሶ በፎርት ስሚዝ ኦርኬስትራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። በዚያው ዓመት ታላቁ የኒው ዮርክ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ሺርመር የድርሰቶቿን የማሳተም መብት ያዘ። በ2022 ዓ.ም. የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ የአንደኛውንና የሦስተኛውን ሲምፎኒ ቅጂ አውጥቶ የግራሚ ሽልማት ተቀበለበት። እንግዲህ ከአራቱ ሲምፎኒዎቿ ሦስቱ ይጫወታሉ፤ የሁለተኛው ቍርጥራጭ ብቻ ተርፏል።